ሠላሳ አራት ገበሬ፣ አንድ ሞተር

የካቲት 18

መቂ ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። እትዬ ዘውድነሽ ጓሮ የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ትንኙ ግን መግቢያ አላጣም። አዳማ ያለው አልጋዬ ናፍቆኛል።

ሥራዬን በአጭሩ ልጻፈው፣ በኋላ ግራ እንዳይገባኝ። ማህበሩ ሠላሳ አራት ገበሬ አለው። ከሐይቁ ውሃ የሚስበው ሞተር ግን አንድ ነው። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፤ እሁድ ይጠገናል። ሽንኩርቱ ለፋሲካ ገበያ መድረስ አለበት። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ቢያጠጣ የሚባክነው ምርት ትንሹ ይሆናል? ይህንን ሞዴሌ ያሰላል፤ ሦስተኛ ዲግሪዬም ያለው እሱ ላይ ነው። ገበሬዎቹ ተራውን ለመጠበቅ ሁሉም ፈርመዋል። ከጠበቁ፣ ሞተሩን የረዳቸው ፕሮጀክት ለከርሞ ሁለተኛ ሞተር ይጨምርላቸዋል።

ውሃውን የሚያዞሩት ኦቦ ጉደታ ናቸው። «የውሃ አባት» ይሏቸዋል። የቦዩ በር ቁልፍ አሥራ አንድ ዓመት አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድም ቀን ግን ማን መቼ እንዳጠጣ ጽፈው አያውቁም። የተራውን ወረቀት ስሰጣቸው አመስግነው፣ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አላነበቡትም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይጥመኝም።

የካቲት 19

ችኮላ ላይ ነኝ። የዛሬ ጠዋት ተራ የጋሽ ዲበኩሉ ነበር፣ የማህበሩ ሊቀመንበር። ውሃው ግን ወደ ኢስሃቅ ማሳ ሲሄድ ደረስኩ። «ጋሽ ዲበኩሉ ፈቅደው ነው?» ብዬ ብጠይቀው ኢስሃቅ ሳቅ አለና «ኦቦ ጉደታ ያውቃሉ» አለኝ። ማወቃቸውንማ መች አጣሁት።

ከሰዓት ልብስ ላጥብ ብል እትዬ ዘውድነሽ «በዛሬ ቀን? በእኔ ግቢ አይሆንም!» ብለው ባልዲውን ነጠቁኝ። ትናንት ሳጥብ ምንም አላሉም። የሴትዮዋ ጠባይ አልገባኝም።

የካቲት 21

ደግሞ! ዛሬ የእትዬ ዘውድነሽ የራሳቸው ተራ ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት። የወሰደው ኢስሃቅ ነው። ቤት ሄጄ ብፈልጋቸው የሉም፤ ሳይነጋ ነጠላቸውን ለብሰው ወጥተዋል። ተራዋን የሸጠች ሴት በማለዳ ከቤት ብትጠፋ ምን ይገርማል።

እንዲህ መጻፌ ደስ አላለኝም። ትናንት ማታ ሽሮ ሰጥተውኛል። ግን ሽሮ ማስረጃ አይደለም።

የካቲት 26

ዛሬ የተገላቢጦሽ ሆነ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የኢስሃቅ ተራ ነበር፤ ያጠጡት ግን ጋሽ ዲበኩሉና እትዬ ዘውድነሽ ተካፍለው ነው። ኢስሃቅ ረመዳን ይዟል፣ ደክሞት ይሆናል ብዬ ልተወው ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ሰጪና ተቀባይ ሲቀያየር ዱካ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሌባ የለም። ሊቀመንበሩም አሉበት ማለት ነው።

የካቲት 27

ስድስት ተራ ተቀይሯል። በአንድ ቀን ስድስት።

የካቲት 29

ዛሬም አምስት። ኦቦ ጉደታን ቦይ ላይ አገኘኋቸው። ፈገግ ብለው «አካም ቡልቴ፣ መምህርት?» አሉኝ። ደህና ማደሬን የሚጠይቁ እሳቸው! ሰላምታቸውን መልሼ አለፍኩ። ዛሬ ብጠይቃቸው ነገ ይጠነቀቃሉ።

ማታ። እንቅልፍ የለም፣ ልጻፍ።

የሞተር ጠባቂው ደብተር ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ላፕቶፑ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ገልብጦ ይወስዳል። ተራ የተቀየረባቸው ቀኖች ወጡ፦ ፌብሩዋሪ 26፣ 28፣ ማርች 5፣ 6፣ 8። ስደምራቸው፣ ስቀንሳቸው፣ ከነዳጅ ቀን ጋር፣ ከገበያ ቀን ጋር ሳስተያያቸው አመሸሁ። ምንም ሥርዓት የላቸውም። ሥርዓት የሌለው ነገር ደግሞ እጅ ያለበት ነው።

ተቀባዮቹ አብዛኛውን ጊዜ እነ ኢስሃቅና እነ ዙለይካ ናቸው፤ ሰባት ስምንት ቤት። አንዳንዴ ሁለቱ የእኛ ቸርች ሰዎችም ይገኙበታል። እነሱን ሳይ ጌታ ይወቀው፣ አዘንኩ።

መቂ ሁሉ ጾም ላይ ነው፤ ክርስቲያኑ ሁዳዴ፣ ሙስሊሙ ረመዳን። እኔ ብቻ ስድስት ሰዓት ላይ ከሞተር ቤቱ ጀርባ ተደብቄ የእንቁላል ሳንድዊቼን እበላለሁ። ዛሬ ሁለት ሴቶች አዩኝና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተባብለው አለፉ። «ቁልፍ» የምትል ቃል የሰማሁ መሰለኝ። ላይሆንም ይችላል።

እማዬ ደውላ ነበር። ነገርኳት። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንቺ ግን ምንም ሳትሰርቂ ነው ማንንም የማታምኚው» ብላ ሳቀችብኝ። ይሳቅ። አባዬ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚመስለው ሰው ነበር። ከጓደኛው ጋር በሽርክና የከፈቱት ወፍጮ ቤት አንድ ጠዋት ሲሄድ ቁልፉ ተቀይሮ አገኘው። በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሲሞክር አብሬው ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ደጋግሞ ሞከረው፣ የተበላሸው ቁልፉ ይመስል።

መጋቢት 3፣ አዳማ

አማካሪዬን ዶክተር ሰይፈሚካኤልን ሰንጠረዡን ላሳይ መጣሁ። ቀኖቹን፣ ስሞቹን፣ ሰዓቱን አዩ፤ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«ሰውዬውን ጠይቀሻቸዋል?»

«ዶክተር፣ ሌባ ይያዛል እንጂ ይጠየቃል እንዴ?»

«ሞዴልሽ የማያውቀው ገደብ ይኖር ይሆናል።»

ይህ አናደደኝ። ገደቦቼን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው፦ የሞተሩ ሰዓት፣ ነዳጁ፣ አፈሩ፣ የሽንኩርቱ ዕድሜ፣ የቦዩ ርዝመት፣ የእሁድ ጥገና። ከእሁድ በቀር ለሞዴሌ ቀን ሁሉ እኩል ነው፤ አያዳላም። ራሳቸውን ነቀነቁና «ያም ሆነ ይህ ጠይቂያቸው» አሉ። እሺ አልኩ። ስወጣ ግን ለወረዳው ባለሙያ ደወልኩ። ስብሰባው ለአርብ ተቀጠረ።

መጋቢት 5

ከስብሰባው ተመለስኩ።

አንድም ሰው አልቀረም። በሥራ ቀን ሠላሳ አራቱም ተሰብስበው ማየት አስገረመኝ፤ ግማሾቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የክት ልብሳቸውን። ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ በትልቁ ሰቀልኩት፤ ማን ስንት ሰዓት እንደሰጠ፣ ማን ስንት እንደተቀበለ፣ ከነስሙ። ልክ ያኔ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ እነ ኢስሃቅ አንድ ላይ ተነስተው ወጡ። ለጁምዓ ነው አሉ። ሰበብ አይጠፋም።

ባለሙያው ጠየቃቸው፦ «ኦቦ ጉደታ፣ ተራ ቀይረዋል?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እሷ ጽፋዋለች አይደል? የጻፈችው ልክ ነው።»

«ገንዘብ ተቀብለዋል?»

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ጋሽ ዲበኩሉ ወደ መሬት አዩ። እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ውሃው አልፈሰሰም» አሉ ኦቦ ጉደታ። «የጎደለበት ሰው ካለ ይነሳና ይናገር።»

ማንም አልተነሳም። ይኼ ነው የገረመኝ። ሁሉም የበላበት ድስት ክዳኑ አይከፈትም።

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ገመዱ አንገታቸው ላይ ነጭ መስመር ትቷል፤ የተቀረው ቆዳ በፀሐይ ጠቁሯል። ከዛሬ ጀምሮ በሩን የሚከፍተው ሞተር ጠባቂው ነው፣ በእኔ ወረቀት ብቻ። አንዲት ደቂቃ ዝንፍ አይልም።

ትክክል ነገር ሠርቻለሁ። ታዲያ ለምን አልቀለለኝም?

መጋቢት 8

ሦስት ቀን ያለ አንድ ለውጥ! ወረቀቱና ደብተሩ መሳ ለመሳ። ለዶክተር ሰይፈሚካኤል መልእክት ላክሁ። «ጥሩ» ብለው ብቻ መለሱ።

እትዬ ዘውድነሽ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ሽሮ ግን ቀርቷል።

መጋቢት 12

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእትዬ ዘውድነሽ ተራ ነበር። ሞተር ጠባቂው በሩን ከፈተ። ውሃው መጣ። ማሳው ላይ ሰው የለም። ትልሙን የሚከፍት፣ ውሃውን የሚያዞር ሰው ከሌለ ውሃ ዝም ብሎ ያልፋል። አለፈ። መንገዱን አጥለቀለቀው፣ አንድ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ከሳቸው ቀጥሎ ያሉት አራት ሰዎችም አልመጡም። እነ ኢስሃቅ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ተራቸው አይደለምና አይነኩም። ዙለይካ ጮክ ብላ «ያ አላህ፣ ይህ ሁሉ ውሃ!» አለች። ለእኔ ይሁን ለውሃው አልገባኝም።

ይኼ አድማ ነው። ለኦቦ ጉደታ ብለው ተስማምተዋል።

ማታ እትዬ ዘውድነሽን ለምን እንደቀሩ ጠየቅኋቸው። «ሚካኤል ነበር እኮ ልጄ» አሉ፣ ያን ያህል የማይጠየቅ ነገር የጠየቅኩ ይመስል። ሰው ሁሉ ሰበብ አያጣም አልኩ በልቤ።

መጋቢት 13

እትዬ ዘውድነሽ ክፍሌ በር ላይ መጡ። በጠዋት፣ ባዶ እጃቸውን፣ ቆመው።

«ሽንኩርቱ ማበጥ ጀምሯል፤ አሁን ነው ውሃ የሚፈልገው። አርብ ሳይሆን ሌላ ቀን ስጪኝ፣ ሐሙስም ቢሆን፣ ሰኞም ቢሆን። ከየካቲት ሃያ ስምንት ወዲህ ጠብ አላለለትም።»

«ለአንድ ሰው ካዞርኩ ለሁሉም ማዞር ነው፣ እትዬ።»

«ኦቦ ጉደታ በዚህ ሳምንት ከኢስሃቅ ሊያስመልሱልኝ ነበር።»

«ለዚህ እኮ ነው የወረዱት።»

የቤት አከራዬ ናቸው። እሺ ብላቸው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ደግሞም ተራዋ ላይ ሳትመጣ ቀርታ የሌላ ሰው ተራ የምትጠይቅ ሴት… አልጨርሰውም። ግማሽ ሄክታር በኪራይ የያዙት መሬት ነው፤ ከዚያ ሌላ የላቸውም።

መጋቢት 19

ዛሬም አርብ። ዛሬም አልመጡም። ውሃው ዛሬም ፈሰሰ።

ስመለስ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ ነጭ ለብሰው። «በዛሬው ቀን…» ብዬ ስጀምር፣ «ዛሬም ገብርኤል ነው» አሉኝ በቀስታ። «እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ አርብ ሰጠሽኝ፣ አርቡ ደግሞ ዘንድሮ በእኔ ላይ ተደራረበ። አምስት አቦ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል።»

እራት አልበላሁም።

መጋቢት 20

የሞተር ጠባቂውን ደብተር ተውሼ አመጣሁ። ላፕቶፑን አልከፈትኩም። በእሱ እጅ የተጻፈውን፣ በእኛ ቀን፣ አንድ በአንድ አነበብኩ። የካቲት አሥራ ዘጠኝ። ሃያ አንድ። ሃያ ሰባት። ሃያ ዘጠኝ። መጋቢት አምስት።

ገብርኤል። ማርያም። መድኃኔዓለም። በዓለ ወልድ። አቦ።

ከዚያ ይህንን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። እኔም ጽፌዋለሁ! በየገጹ አናት ላይ፣ በራሴ እጅ። ባልዲው የተነጠቀብኝ በገብርኤል ነው። ስብሰባው የሞላው አቦ ስለነበረ ነው፤ ማሳ የወረደ አልነበረም። እነ ኢስሃቅ የወጡት በእርግጥም ለጁምዓ ነው።

በቀኑ መሬት የማይነካው ተራውን ለሚነካው ይሰጣል። ጁምዓ ሲሆን፣ እንደ የካቲት ሃያ ስድስቱም ረመዳን ሲያደክም፣ ያኛው ለዚህኛው ይመልሳል። ኦቦ ጉደታ መሐል ቆመው ያዞራሉ። ውሃው አልፈሰሰም ያሉት እውነታቸውን ነው።

ኮምፒውተሩ ነው ቀኑን የገለበጠው። የእኛ ቤት ደግሞ ቸርች እንጂ የወር በዓል አይታወቅም፤ እማዬ በማርያምም በሚካኤልም ስታጥብ ነው ያደግኩት። ከየት ላውቀው እችላለሁ?

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። አዳማ ተወልጄ፣ ጎረቤቶቻችን በሃያ አንድ ልብስ ሳያሰጡ እያየሁ አድጌ። ዶክተር ሰይፈሚካኤል ጠይቂያቸው ብለውኝ እሺ ብዬ ወጥቼ። ኮምፒውተሩ ስልክ አልደወለም።

መጋቢት 22

ኦቦ ጉደታ ማሳቸው ላይ ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው ጥላ ሥር ቦታ ለቀቁልኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጭቃውን ከዶማው ላይ በጣታቸው እየጠረጉ ሰሙኝ።

«ለምን አልተናገሩም፣ ኦቦ ጉደታ?»

«ምን ብዬ? ሁሉም ፈርሟል። ሁላችንም ነን ካልኩ ሁለተኛው ሞተር ይቀራል። አንድ ሰው ቢወጣ ይሻላል።»

«እኔን ለብቻዬ ቢነግሩኝስ?»

«መች ጠየቅሽኝ? ‹ስንት ጊዜ?› ነው የተባልኩት። ‹ለምን?› ያለኝ የለም።» ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «ይኸውልሽ፣ የነዲበኩሉ በዓል ከነኢስሃቅ ጁምዓ ይበዛል። አንዱ የሚሰጠው ይበዛል፣ የሚመለስለት ያንሳል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አልቆጠርኩም። መቁጠር አቅቶኝ አይደለም።»

ስሜን እንደማጸዳላቸው ቃል ገባሁ። ስማቸውን ማለቴ ነው።

መጋቢት 27

መድኃኔዓለም ነው፤ ስብሰባው ዛሬ የሆነው ለዚህ ነው። አሁን አውቃለሁ።

ተነስቼ ሁሉን ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ኦቦ ጉደታ ሳንቲም አልነኩም፣ በዓላቱን ሞዴሉ ውስጥ አስገባለሁ አልኩ። የወረዳው ባለሙያ እንዲህ ከሆነማ ፊርማው አልፈረሰም፣ ሞተሩም አይቀርም አለ። ተጨበጨበ። ቁልፉ ለኦቦ ጉደታ ይመለስ ሲባል ሠላሳ አራት እጅ ወጣ። እትዬ ዘውድነሽ እልል አሉ፤ የሳቸው ሽንኩርት እንደማይመለስ እያወቁ። አለቀስኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ።

ጋሽ ዲበኩሉ እጃቸውን አወጡ። «አንዲት ነገር ብቻ። በመምህርት ሰንጠረዥ መሠረት እኛ ሃያ ስድስት ሰዓት ሰጥተን የተመለሰልን ስምንት ነው። አሥራ ስምንት ሰዓት ይቀረናል ማለት ነው።»

ኢስሃቅ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ቀልድ አልነበረም። «ጋሽ ዲበኩሉ፣ መንገድ ላይ ሊፈስ የነበረ ውሃ ነው እኮ!»

«ቢሆንስ የማን ውሃ ነበር?»

«እንዲያ ከሆነ በበዓላችሁ ቀን ይፍሰስ!»

«ይፍሰሳ!»

ሁለቱ በአንድ ቦይ ሃያ ዓመት ያጠጡ ሰዎች ናቸው። ዙለይካ ተነስታ የእኔ ብቻውን ስንት ነው አለች። ሌላው የእኔስ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ ቁጥሩ እኔ ጋ ነዋ። መልስ ልስጥ ስል ድምፄ በጩኸት ተዋጠ።

ኦቦ ጉደታ ቁልፉን አንስተው አዩት፤ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እኔ የማውቀው ውሃ ማዞር ነው» አሉ። «ይህን አላውቅበትም።» ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ጋሽ ዲበኩሉ ተከትለው ቢለምኗቸውም አልተመለሱም።

ሚያዝያ 2

የእትዬ ዘውድነሽ ሽንኩርት ተነቀለ። አብሬ ለቀምኩ። ደላላው አንዱን አንስቶ «ይሄ ቀይ ሽንኩርት ነው ነጭ?» ብሎ ሳቀና ባዶ መኪናውን ወደ ቀጣዩ ማሳ ነዳ። ፋሲካ አሥር ቀን ቀርቶታል፣ አዲስ አበባ ሽንኩርት እንደ ወርቅ ይፈለጋል፤ የሳቸው ግን ከአውራ ጣት አይበልጥም።

ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ። «ያዘንኩት በአንቺ አይደለም ልጄ። ሌሊት ተኝቼ፣ የሚካኤል ለት ዘወር ብዬ አጠጥቼው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ አስቤ አላውቅም። ያሳዘነኝ ይሄ ነው።»

ጆንያውን ያዝኩላቸው።

ሚያዝያ 6

ቁልፉ ሞተር ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የሚወስደው ጠፍቷል። በዓላቱን ያስገባሁበት አዲሱ ተራ በጣም ጥሩ ነው፤ ብክነቱ ከድሮው በግማሽ ያንሳል። ማንም ግን አንድ ሰዓት ለማንም አይለቅም፣ የድሮው ሳይተሳሰብ።

ትናንት ሰንጠረዡን አጠፋሁት። ከላፕቶፑ፣ ከፍላሹ፣ ለዶክተር ሰይፈሚካኤል ከላክሁት ኢሜይልም ጭምር፤ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትንም ቀደድኩት። የመመረቂያዬ ግማሹ እሱ ነበር፤ ይሁን። ዛሬ ጠዋት ቦዩ ዳር ለቆሙት ሰዎች ነገርኳቸው፦ ጠፍቷል፣ ከእንግዲህ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ እኔም አላውቅም።

ኢስሃቅ አዘነልኝ። ደግ ሰው ነው። የተሳሳትኩ፣ ሥራዬ የጠፋብኝ መስሎታል።

«አይዞሽ መምህርት» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ከመውጣታችን በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ። ጋሽ ዲበኩሉም አላቸው። ሁላችንም ጋ አለ።»

በሁለት ጣቱ አሰፋውና አሳየኝ። ጥርት ብሎ ይነበባል።